ከእኔ ቤት ጀምሩ

አጎቴ ካረፉ ዓመት ሞላቸው። ደግነታቸውን ሌላው ያውራ፤ እኔ የማስታውሰው አንድ ልማዳቸውን ነው። አብነት ሰፈር ባለው እድራችን፣ ሰው ላይ የሚጫን ውሳኔ በቀረበ ቁጥር እጃቸውን አውጥተው «ከእኔ ቤት ጀምሩ» ይሉ ነበር።

አተት የሚባለው ተቅማጥ ሰፈራችን በገባበት ክረምት፣ የእድሩ ኮሚቴ በሽተኛ ያለበትን ቤት በር ቀይ ቀለም ሊቀባ ተነሳ። የመጀመሪያው በር የእኔ ነበር። ልጄ ጤና ጣቢያ ተኝታለች፤ የምንበላው ደግሞ እቤቴ የሰው ልብስ ሰፍቼ ነው። በሬ ከተቀባ ማን ይመጣል?

«መጀመሪያ የእኔን ቅቡ» አሉ አጎቴ።

ሰብሳቢው ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት እኮ!»

«ዛሬ ነኝ። ነገ ሲያመኝ ግን ቀለማችሁን ፈርቼ እደብቃለሁ፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ያንተንም ቤት አይምርም። የውሃ ማከሚያውን ለሁሉም አድሉ። ቀለሙ ከተረፋችሁ የእድሩን ወንበር ቅቡበት።»

የማንም በር አልተቀባም። ልጄም ድና ተመለሰች።

«ሽማግሌው ሥራ አላሠራ አሉን» እያለ በየደጁ ያማቸው ሰብሳቢ፣ ለቅሶው ላይ «አባታችን» ብሎ አለቀሰ። ዝም ያልኩት ለቅሶ ስለነበር ነው።

በቀደም በእድሩ ስብሰባ ለሌላ ወረርሽኝ እንዘጋጅ ተባለና ሰብሳቢው ያንኑ በር የመቀባት ሐሳብ አነሳ። እጅ የሚያወጣ ጠፋ። «ተቃዋሚ ከሌለ እንለፍ» አለ።

«እኔ እቃወማለሁ» አልኩ።

«አንቺም እንደ ጋሼ ልትሆኚብን ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «እሳቸው ይቅር ይሉህ ነበር።»