ሕዝብ የፈቀደለት ዘፋኝ

ደባርቅ ውስጥ ይግዛውን የማያውቅ የለም፤ እንዲህ የሚለው ራሱ ይግዛው ነው። የደባት ልጅ ነው። ማሲንቆውን ጥሎ ኪቦርድ ከያዘ ወዲህ ግን ደባት ስትነሳ፣ «ያቺ መንገድ ዳር ያለችው?» ይላል። አምስት ዘፈን አሳትሟል። አንዱም የሱ አይደለም። ሽፋኑ ላይ ሁሌም «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል። ምስኪን ሕዝብ! ይህን ሁሉ ደርሶለት ይግዛው አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ ጋብዞት አያውቅም።

እኔ ከቀበሌው በር አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ ከኃጢአቱ ድርሻ አለኝ።

ስድስተኛው ዘፈን ለጥር ሠርግ መድረስ ነበረበት። ካልደረሰ ዓመቱን ሙሉ የሚጠራው የለም። ጎንደር ያለው አሳታሚ ግን በሌላ ዘፋኝ ጦስ ፍርድ ቤት ተመላልሶ ስለነበር፣ «የግጥሙና የዜማው ባለቤት በጽሑፍ ካልፈቀደ አላትምም» አለው።

ይግዛው እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። «ባለቤቱ ሕዝብ ነው። ሕዝብን የሚወክለው ማነው? ቀበሌ!»

ስቄ ማባረር ሲገባኝ ጻፍኩለት። የቀበሌው ጸሐፊ ያርጋልም ማኅተም ለመምታት ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው። የዘፈኑን ግጥም በሙሉ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈና፣ ለቤት ካርታ እንደሚያደርገው ከሥሩ ጻፈበት፦ «ተቃዋሚ ካለ በአስር ቀን ውስጥ ይቅረብ። ካልቀረበ ሕዝቡ እንደፈቀደ ይቆጠራል።»

ወሬው ደባት ገበያ ደረሰ። በዘጠነኛው ቀን ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ ዓለምዬ ከሚኒባስ ወርደው ሰሌዳው ሥር ቆሙ።

«ሕዝቡ እኔ ነኝ» አሉ። «ይህ ዘፈን አይደለም፣ ሙሾ ነው። ባሌ ገዱ ሲሞት እኔ ያወረድኩት ነው። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ይመሰክራል።»

ገዱ ይግዛውን ቤቱ አስቀምጦ፣ እያበላ፣ ሦስት ዓመት ማሲንቆ ያስተማረው ሰው ነው። ሲቀበር ይግዛው አምባ ጊዮርጊስ ሠርግ ላይ ይዘፍን ነበር። ሙሾውን የሰማው በዘመድ ስልክ ተቀድቶ ነው። ሰማውና አላለቀሰም፤ ምት ጨመረበት።

ያርጋል አስጠራው። መጣና ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ቃጣው። «እትዬ ዓለምዬ፣ የጋሽ ገዱ ስም እንዲጠራ ብዬ እኮ ነው!»

«የታለ ስሙ?»

አልነበረም። እሳቸው «ገዱዬ» ያሉበትን ሁሉ እሱ «ሙሽራዬ» አድርጎታል። አፈርኩ፤ ያንን ግጥም በንጹሕ የተየብኩት እኔ ነኝ።

«እፈቅድልሃለሁ» አሉት ወይዘሮዋ። «ስሜ ይጻፍ። ድርሻዬም በውል ይግባ። ቆርጠህ የጣልካትን ስንኝ ደግሞ መልሰህ ታስገባለህ።»

«የትኛዋን?» አለ፣ ልቡ እያወቀ።

እዚያው ቀበሌው በር ላይ፣ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት፣ በዜማዋ አሏት፦

ማሲንቆ ያስያዘህ ቀን ከሌት ሳይሰለች፣
ሲቀበር ስትጠፋ ያች ጣትህ ምን አለች?

ይግዛው ጣቶቹን ኪሱ ከተተ። «እሷ ለሠርግ አትሆንም፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሙሾው ለሠርግ ከሆነ እሷ ምን አጠፋች?»

ጥር ደርሷል። ፈረመ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ የጻፍኩት ውል የለም።

ዘፈኑ «ግጥምና ዜማ፦ ዓለምዬ» ተብሎ ወጣ። ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደው ያችኑ ስንኝ ነው። ሠርገኛው «ትደገም!» እያለ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ እሱም ላብ እያጠመቀው ራሱን ይሰድባል። ደባርቅ ላይ፣ «ያ ከቀብር የጠፋው ማነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ማንም አይደለም፣ የሕዝብ አባባል ነው» ይላል።

ደባት ላይ ግን የሚጠይቀው የለም።