እንግዳ ይመጣል ብዬ የጠረግኩት ክፍል

ነገሩ የሆነው አምና ነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ በነበረበት ሰሞን ነው። ሌላው ሁሉ ሲረሳኝ ይሄ ግን መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ፣ «ነገ ሰዎች መጥተው የዕቃ ክፍሉን ኮርኒስ ያነሳሉ» አሉኝ። ሌላ አላሉም። ካርታና የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ኮርኒሱ ኢተርኒት የሚሉት የጥንት የሲሚንቶ ሰሌዳ ስለነበር ተሰነጣጥቆ፣ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ስብርባሪው ወለሉን ሞልቶት ነበር።

እንግዳ መጥቶ እንዲህ ያለ ክፍል ሊያይ? ምን ይሉኛል! ወገቤን እየቆረጠኝ በጠዋት ገባሁ። የአሥራ አራት ዓመቷን ልጄን ፌቨንንም ታግዘኝ ብዬ ከተኛችበት ቀስቅሼ ወሰድኳት። ውሃ ከነካው ይጨቀያል ብለን በደረቁ ጠረግነው። አቧራው መተያየት እስኪያቅተን ድረስ ጨሰ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ መጡ። አንዱ ወጣት፣ ወፍራም ጭምብል ያደረገ፣ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ማነው የጠረገው?»

«እኔና ልጄ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

በሩን ዘጋው። አልተቆጣንም። ቧንቧ ጋ ወስዶ አስታጠበን፤ ሻሻችንን አርጥቦ ፌስታል ውስጥ አሰረው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ኮርኒሱ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን አለበት። ሳይነካ ከተቀመጠ እምብዛም አይጎዳም። ተሰብሮ በደረቁ ሲጠረግ ግን ዓይን የማያየው ብናኝ ሳንባ ገብቶ ይቀራል። ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ተለቅሞ፣ በድርብ ፕላስቲክ ይታሸጋል እንጂ መጥረጊያ አይነካውም።

«ልጄን ገደልኳት በለኛ!» ብዬ አለቀስኩ።

«ኧረ እናቴ፣ እንዲህ አይበሉ» አለኝ። «ያንድ ቀን ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው በየቀኑ፣ ለዓመታት ለሚተነፍሰው ነው።»

ፌቨንን አቅፌ ተመስገን አልኩ። ያንን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምጠርገው እኔ መሆኔን ግን አልነገርኩትም። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ያን ልጅ ዛሬም እመርቀዋለሁ፤ እሱ ባይኖር ፌቨንን ደግሜ ይዣት እገባ ነበር። ክፍሉ አሁን አዲስ ኮርኒስ አለው። እኔ ግን ደክሞኛል። ሐኪም ጋ ልሂድ እላለሁ፣ ፈርቼ እተወዋለሁ።

ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ፌቨን «እማዬ፣ ምነው?» ስትለኝ «እርጅና ነው» እላታለሁ።

ገና አርባ አንድ ዓመቴ ነው።