አበባ ያልደረሰው ቅጠል

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ያን ክረምት ከደቡብ ምዕራብ የዝናብ ደን ወደ ድሬዳዋ ስመለስ ሻንጣዬን የሞላው ልብስ ሳይሆን እርጥብ ቅጠል ነበር። እዚያ ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥ በጋዜጣ መሃል ያስቀመጥኩት ሁሉ መሻገት ጀምሮ ነበር። የእኛ ከተማ ሙቀት ለሌላ ለምንም ባይሆን ቅጠል ለማድረቅ ይሆናል። ወባ ይዞኝ ስለነበር ናሙናዎቹን ለአባቴ አስረክቤ ተኛሁ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ጓዝ ሲለይ የኖረ ሰው ነው። ጋዜጣውን በየቀኑ እንዲቀይር ብቻ ነበር የነገርኩት። በረንዳው ላይ ዘርግቶ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ሳምንት ሙሉ ጠበቃቸው። ስነሳ ሁሉም በወጉ ደርቆ ጠበቀኝ። ኮራሁበት።

ከመካከላቸው አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ያለ ቅጠልና እንዲህ ያለ አበባ በአንድ ተክል ላይ በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም። ከከተማችን ታይዋን ገበያ በገዛሁት ማጉያ መነጽር እያየሁ ሁለት ዓመት ፈጀሁ። አዲስ አበባ ያሉት የቀድሞ መምህሬ ፎቶውን አይተው፣ «ይህ አዲስ ዝርያ ብቻ አይመስለኝም። ከዝርያ በላይ ነው፤ አዲስ ወገን ሳይሆን አይቀርም። ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። በአባቴ ስም ልሰይመው አሰብኩና ነገርኩት። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታችን በረንዳችን ላይ አረፍ አለ።

«ጋሼ፣ ቅጠል በስምህ ሊጠራ ነው አሉ። ወላሂ እውነት ነው?»

«እኔም እኮ ደክሜበታለሁ አቦ» አለ አባቴ። «አንዱ ቅጠል አበባ አልደረሰውም ነበር። ፖስታ ውስጥ ደግሞ ባለቤት የሌለው አበባ አገኘሁ፤ ቁጥር የለው፣ ምን የለው። ባዶውን ከሚቀር ብዬ አገናኘኋቸው።»

ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ያን አበባ ከመሬት ለቅሜ፣ ስለደከመኝ ቁጥር ሳልጽፍበት ፖስታ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። በአባቴ ምን እፈርዳለሁ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም። አበባውን ለብቻው ሳየው ማንም የሚያውቀው የሐረግ አበባ ሆነ። ቅጠሉ ያለ አበባ ምንም አይናገርም። ጫካውን ያሳየኝ ሰው ጋ ስደውል፣ ያ ቦታ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል አለኝ።

ለመምህሬ እውነቱን ጽፌ ጥናቱን ሰረዝኩት። ለአባቴ መናገር ግን አቃተኝ። አሁን ጉልበቱ ከድቶታል፤ በረንዳው ላይ፣ ከእነዚያ ድንጋዮች አጠገብ ይውላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ።

«ስሙ መጣ?»

«አልመጣም አባዬ።»

ፊቴን ያየኛል፤ ያዘንኩት በመዘግየቱ ይመስለዋል።

«አይዞሽ» ይለኛል። «ዕቃ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።»