ሌዘር ነው ብዬ ብተወው ኖሮ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና ያልተጠየቅሁትን ጭምር ማብራራት ልማዴ ነው። ያን ሰሞን ጭሮ ውስጥ መግቢያ መውጫ ያሳጣኝም ይኸው ልማዴ ነው።

ነገሩ የእግሬ ነገር ነው። በወጣትነቴ ቦርደዴ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጭሮ፣ ጠመኔ ይዤ ስቆም ከጉልበቴ በታች ቀያይና ሰማያዊ ቀጫጭን ደም ስሮች ወጡብኝ። ሸረሪት ያደራችበት የጣራ ጥግ ይመስላሉ። አያሙኝም፤ ያስጠሉኛል። የቦርደዴ ሙቀት እንኳ ረጅም ካልሲዬን አላስወለቀኝም። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ አንዲት የቆዳ ሐኪም አየችኝና፣ "ጉዳት የለውም፤ ካስጠላዎት ግን በሌዘር ይከስማል" ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ጥፋቱ ደስታዬን ለጎረቤቴ መንገሬ ነው።

ጎረቤቴ ጫት ነጋዴ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ብቻ ጆሮዋ የሰማውን አፏ አያሳድርም።

"አዲስ አበባ ሄጄ ሌዘር ላደርግ ነው" አልኳት።

"ጃኬት ነው ጫማ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እኛ አገር ሌዘር ማለት ቆዳ ነው። "ጃኬት ነው" ብዬ ቤቴ ብገባ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ትምህርቴን ጀመርኩ። "አይ፣ የብርሃን ዓይነት ነው። ጨረር በይው።"

ፊቷ ጠቆረ። "ጨረር? ያ ረቢ!"

"ለእግር ነው እኮ፣ ለቆዳው ብቻ" ብል ማን ይስማኝ? እኛ ዘንድ ጨረር የሚታዘዝለት በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም በግልጽ አይጠራም። አቅፋ ሳመችኝና፣ "አብሽሪ አቦ፣ አላህ ሁሉን ይችላል" አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ የባጃጅ ሾፌር፣ እንቁላል የጫነ ይመስል ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ ነዳ። ስወርድም፣ "ቀስ በይ ቲቸር" አለኝ። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ይዞኝ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ሰው ብለቅ ቅር ይለኝ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀኝ። በጣም ቅር ይለኛል አልኩት። የማኅበራችን ሴቶች ቤቴ ድረስ ጸበል ይዘው መጡ። ተናድጄ ቀሚሴን ገልጬ አሳየኋቸው፤ "ይኸው፣ በሽታዬ ይኼ ነው!" አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ "እግሯ ድረስ ወርዷል" ብላ አለቀሰች።

ከሁሉም የሚያበግነኝ መካዴ ራሱ ማስረጃ መሆኑ ነው። በእኛ ልማድ ክፉ በሽታ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ስለዚህ "ደህና ነኝ" ባልኩ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አልነገሯትም ማለታቸው ነው።

"ሐኪም ጋ ስትሄጂ ሰው አብሮሽ ነበር?" አለችኝ አንዷ።

"ብቻዬን ነበርኩ።"

"ለዚያ ነዋ!" አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ።

ደግሞ ምክራቸው! "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይሉኛል፤ በሽታዬን ከእኔ የደበቁት እነሱ ሆነው ሳለ። እውነት ለመናገር አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ያቺ ሐኪም ስታየኝ ፊቷ እንዴት ነበር ብዬ አስቤአለሁ። በራሴም ተናደድኩ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የፈራሁት ለእናቴ ነው። ገለምሶ ብቻዋን ትኖራለች፤ ደም ግፊት አለባት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስልክ ሲጮህ እንኳ ትደነግጣለች። ይህ ወሬ እሷ ጋ ከደረሰ ይጥላታል። ጎረቤቴን ለምኜ አስማልኳት፤ "ወላሂ አልነግራትም" አለች። ግን በገለምሶና በጭሮ መካከል ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ይመላለሳል፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ማን ያስምለዋል? ቀድሜ ልንገራት ብዬ ደወልኩና፣ "እማዬ፣ የሚወራውን እንዳትሰሚ፣ እኔ ደህና ነኝ" አልኳት። እንዲህ ያለ ስልክ ደግሞ ማንን ያረጋጋል!

"እሺ ልጄ" አለችኝ። በማግስቱ ጓዟን ይዛ በሬ ላይ ቆማለች።

"እንዲያው ናፍቀሽኝ ነው" አለች። ስለ በሽታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መጥረጊያ ሳነሳ ትቀማኛለች፤ ስተኛ እተነፍስ እንደሆነ ታዳምጣለች። እግሬን አሳየኋት። "አየሁት ልጄ፣ ምንም አይደለም" ብላ እንደ ሕፃን ጀርባዬን ደባበሰችኝ። ጮህኩባት። ወዲያው ወጥታ ለጎረቤቴ፣ "ተመስገን፣ ለመጮህ ገና አቅም አላት" ስትል ሰማኋት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ፣ "ነይ፣ ከሐኪሟ አፍ ስሚ" ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት። አልጋው ላይ አጋደመችኝና ለዓይን መከላከያ ነው ብላ ለሦስታችንም ጥቁር መነጽር አደለችን። እናቴ መነጽሩን እንዳደረገች ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ እሷ ትንሽ ውጭ ትቆይና ለእኔ ንገሪኝ።"

"አልወጣም!" አልኩ፣ አንድ እግሬ ራቁቱን እንደተዘረጋ።

"እማማ፣ የምደብቅዎት ነገር የለም" አለች ሐኪሟ። "በሽታ አይደለም። ለውበት ብለው ነው።"

"ለባሌም ሐኪሙ እንዲህ ነበር ያለው" አለች እናቴ። "በፊቱ ጨጓራ ነው አለው። እኔን ውጭ ጠርቶ ሌላውን ነገረኝ። እንዳይነቃብኝ ብዬ በርበሬ ከለከልኩት። ቀይ ወጥ እያማረው፣ አልጫ እንዳበላሁት ሞተ።"

ለእኔም የነገረችኝ ጨጓራ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አባቴን ጨጓራ የገደለው ይመስለኝ ነበር። ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት አፌ ላይ ቀረ። ሐኪሟ የእናቴን እጅ ይዛ አጠገቤ አስቀመጠቻትና መሣሪያውን ከፈተች። ወጥረው የለቀቁት ላስቲክ ቆዳዬን የመታኝ ያህል ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ። እናቴ አንገቷን አስግጋ፣ አንዲት ሰማያዊ ስር ዓይኗ እያየ ስትደበዝዝ ተመለከተች።

"ለውበት ብቻ?" አለች።

"ለውበት ብቻ፣ እማማ።"

"እሷ ፊት ነው አይደል የነገርሽኝ? ውጭ የምትጨምሪው የለም?"

"ምንም የለም።"

እናቴ መነጽሯን አወለቀች፤ ሐኪሟ "ኧረ እማማ፣ ዓይንዎን!" ብላ መሣሪያውን አጠፋችው። እናቴ ግን አልሰማቻትም። ጤነኛውን እግሬን በጥፊ አጮለችው። "ለውበት! በዚህ ዕድሜሽ! አንቺ ባለጌ!" እያለች፣ ደግማ እየመታችኝ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።