በፀሐይ ሰማያዊ የሆነው አጥንት

ፈንታነሽ በጋፋት ምድር ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ጅብ አልነበረም፤ ጅብ ቢያንስ ሲመጣ ይጮኻል። የምትፈራው ጎረቤቷን ጌጤን ነበር። ጌጤ እንዝርቷን እያሾረች፥ ኮቴዋ ሳይሰማ፥ አጥሩን ታክካ ነው የምትመጣው።

ሁለቱም ሃምሳን ያለፉ እኩያሞች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነው ኖረዋል። ፈንታነሽ ሸክላ ትሠራለች፤ እንስራ፥ ድስት፥ ማድጋ፥ ለከተሜው ደግሞ የአበባ መትከያ። እናቷም አያቷም ከዚያው ከረግረጉ ዳር ጭቃ እየቆፈሩ ኖረው ሞተዋል። ጌጤ የገበሬ ሚስት ናት። ሥራዋ ጥጥ መፍተል ነው ቢባልም አብልጣ የምትፈትለው ወሬ እንደሆነ አገር ያውቃል። ደብረ ታቦር ላይ ማታ የተጣሉ ባልና ሚስት፥ ጠዋት ጋፋት ላይ ሽማግሌ ይቆረጥላቸዋል። ራዲዮ እንኳ ባትሪ ይጨርሳል፥ ጌጤ ግን አትጨርስም።

ፍርሃቱ ግን ከወሬ የጠለቀ ነበር። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ የባለእጅ ዘር ነው ይባላል፤ ባለእጅ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ሰው ይበላል፥ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፥ መቃብር ይቆፍራል፥ ይባላል። ማን እንዳለው ተጠይቆ አያውቅም። ከፈንታነሽ እንስራ ውሃ የሚጠጣው ሰው ሁሉ፥ ልጁ ሆዱን ሲቆርጠው መጀመሪያ የሚያስበው ፈንታነሽ በደጁ አልፋ እንደሆነ ነው። ስለዚህ እሷ ሕፃን አይታ አታደንቅም፤ የምትታለብ ላም ስታይ አንገቷን ትደፋለች። ጌጤ ደጅ እንኳ ወተት ቢቀርብላት፥ «ሆዴን አይስማማውም» ትላለች። ይስማማታል።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት፥ ረግረጉ መጉደል ሲጀምር ነው። ረቡዕ ጠዋት ጭቃ ልትቆፍር ወርዳ ዶማዋ አንድ ረዘም ያለ አጥንት አወጣ። የሌላ አጥንት ጫፍም ፀሐይ ከማይደርስበት የጉድጓዱ ግድግዳ ብቅ ብሎ ይታያል። አጥንት ለሸክላ ሠሪ ጉድ አይደለም፤ ያልደረቀውን እንስራ ገላ ማለስለሻ ይሆናል፥ የድሮው ማለስለሻዋ ደግሞ ተሰብሮባት ነበር። ብቻ በዚህኛው ላይ እንደ ጨው ፍርፋሪ የነጣ ነገር ተጣብቆበታል፤ አንዳንዱ እንደ መስታወት ስባሪ የጠራ ነው። ቢታጠብ ይለቃል ብላ ከጭቃው ጋር ወሰደችውና እንዲደርቅ አጥሩ ላይ ሰካችው።

ከምሳ በኋላ ስትመለስ አጥንቱ ሰማያዊ ሆኗል።

መጀመሪያ ሌላ ሰው የሰካው መሰላት። ቀረብ ብላ አየችው፤ ያው ነው። ጨው የመሰለው ፍርፋሪ ሁሉ የተማሪ ቤት ቀለም የተደፋበት ይመስላል። እጇን ልካ መልሳ ሰበሰበችው። ከጀርባዋ ደግሞ እንዝርት ሲሾር ሰማች።

«ፈንቴ፥ ምን ሰቅለሻል?»

«ማለስለሻ ነው።»

«ሰማያዊ ማለስለሻ?»

«ጭቃው ነዋ።»

«ጭቃሽን አላውቀውም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንስራሽን ስሸከም ጀርባዬ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም።» ጌጤ እንዝርቷን አቆመች። የጌጤ እንዝርት ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው። «ከየት ነው ያወጣሽው?»

«ከጉድጓድ።»

«ከየትኛው ጉድጓድ?» አለች ጌጤ፥ በዝግታ። ያን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ሽማግሌ ተቀብረው ነበር። ጥያቄው ለፈንታነሽ ገባት። መልስ ስትፈልግ ጌጤ ወጥታ ሄደች፤ እንዝርቱን እንኳ አላሾረችም።

በማግስቱ ሐሙስ ሕይወት የምትባለው የጌጤ ምራት ታማ ወደቀች። ትኩሳት፥ ራስ ምታት፥ የሆድ ቁርጠት። ሕይወት ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ከፈንታነሽ እጅ ድስት ተቀብላ ሄዳ ነበር። ምሳ ሳይደርስ መድኃኒተኛው ይሻው ቅዳሜ እንደሚመጣ ተሰማ።

ይሻው የሚያደርገው የታወቀ ነው። በሽተኛዋን ሸፋፍኖ ጢስ ያጨሳታል፤ «ማን በላሽ?» ይላታል፤ እሷ በትኩሳትና በጢስ መሃል ሆና ትለፈልፋለች፤ የተጠራው ስም ይያዛል። በትኩሳት የተያዘ ሰው ደግሞ የሚጠራው ሰሞኑን በጆሮው ሲንሾካሾክ የከረመውን ስም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወዲያኛው ቀበሌ አንዲት ሸክላ ሠሪ እንደዚሁ ስሟ ተጠርቶ ነበር። ቤቷ ነደደ፤ እሷ ወዴት እንደገባች ዛሬም የሚያውቅ የለም። ጌጤ እንኳ አታውቅም።

ፈንታነሽ አጥንቱን ወንዝ ልትጥለው ፈለገች፤ ጌጤ አይታዋለች፥ መጣሉ ራሱ ምስክር ይሆናል። ልታቃጥለው ፈለገች፤ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣስ? ሸፍና ከጋኑ ጀርባ ደበቀችውና ቁጭ አለች። ከዚያም ያልጠበቀችው ሐሳብ መጣባት፤ ሳላውቀው ቡዳ ሆኜ ቢሆንስ? እጇን አገላብጣ አየች። ጭቃ ነው። የሃምሳ ዓመት ጭቃ። ግን ማን ያውቃል?

ዓርብ ጠዋት የአበባ መትከያዎቿን ተሸክማ፥ አጥንቱን በነጠላ ጠቅልላ ከአንዱ ማሰሮ ውስጥ ከትታ፥ ወደ ደብረ ታቦር ወጣች። ሰላም ያላት ሰው ሁሉ ማሰሮው ውስጥ የሚያይ መሰላት። «ዛሬ ከብዶሻል ሳ» ያላት አንድ መንገደኛ ነበር፤ ሰውየው ያለፈውን ነገር ሁሉ እንደሚያውቅ ሆኖ ተሰማትና እስከ ከተማው ዳር በሩጫ ሄደች።

የአበባ መትከያዎቹን ያዘዘው መምህር ማሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ የሚያስተምር፥ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው። ቤቱ ከአበባው ድንጋዩ ይበዛል። እቃውን አስረክባ እንደ መሄድ አለችና ተመለሰች።

«መምህር፥ እርስዎ በሰው አይስቁም?»

«በተማሪ ብቻ ነው የምስቀው፥ እትዬ።»

ነጠላውን ፈታች። ማሩ አጥንቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ከየት አገኙት?» አለ።

«እባክዎ እርስዎም እንዳይጠይቁኝ።»

ምክንያቱን ባያውቅም አላስጨነቃትም። አጉሊ መነጽር አመጣና ሰማያዊውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው፤ ተጫረ። «አዩ፥ ለስላሳ ነው። ጥፍር የሚጭረው ድንጋይ ጥቂት ነው።» ከዚያ ሎሚ ቆርጦ ጠብ አደረገበት፤ ምንም አልፈላም። «መዳብ ያለበት ሰማያዊ ድንጋይ አለ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ አረፋ ያወጣ ነበር። ይሄ የእሱ ወገን አይደለም።» በመጨረሻ በቢላ ጫፍ ጥልቅ አድርጎ ጫረው። ውስጡ ነጭ ነው። መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አኖረውና፥ «አሁን እንጠብቅ» አለ።

ጠበቁ። ፈንታነሽ አቡነ ዘበሰማያት በልቧ መድገም ጀመረች፤ ሦስተኛውን ሳትጨርስ ነጩ ጭረት ግራጫ ሆነ፥ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ አደላ። ወደ ኋላ ተፈናጠረች።

«አይፍሩ። ቪቪያናይት ይባላል፤ በአንድ እንግሊዛዊ ስም የተጠራ ነው። ከረግረግ፥ አየር ከማይገባበት ጭቃ ነው የሚወጣው። አጥንት ውስጥ ፎስፈረስ አለ፤ ጭቃው ውስጥ ብረት አለ፤ ሁለቱ በውሃ ይዋሃዱና ይሄን ይሠራሉ። ጨለማ ውስጥ እያለ ነጭ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል፤ ሲዝግ ደግሞ እንደሌላው ብረት ቀይ አይሆንም፥ ሰማያዊ ይሆናል።»

«እና መርዝ ነው?»

«አይደለም። ብርቅ ነው እንጂ። እኔ ራሴ ሥዕሉን ነው የማውቀው።»

«ዘሩ ምንድነው?» አለች ፈንታነሽ። በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ይቀድማል።

ማሩ ሳቀ፤ ከዚያ የምሯን እንደሆነ ገባውና ሳቁን ተወ። «ፎስፌት ነው፥ የፎስፈረስ ወገን። ዘመዶችም አሉት፤ በፎስፈረሱ ፈንታ አርሴኒክ፥ በብረቱ ፈንታ ኮባልት ያለበቱ ቀላ ያለ ነው፥ ኒኬል ያለበቱ አረንጓዴ። ድንጋይን የምንመድበው በቀለሙ አይደለም፥ ባገኘው ሰውም አይደለም፤ ውስጡ ባለው ነው።»

«ድንጋይ ታድሏል» አለች።

«በድሮ መቃብር ውስጥም፥ የሰው አጥንት ላይ…»

«ይሄን ደግሞ ለማንም አይበሉ።»

ያኔ ነው ነገሩን ሁሉ የነገረችው። ማሩ አጥንቱን አገላበጠና፥ «እኔ የአጥንት ሰው አይደለሁም፤ እርስዎ ግን ቅርጫ ገብተው አያውቁም?» አላት። ፈንታነሽ አየችው። የበሬ ቅልጥም ነው። በየፋሲካው ከነመቅኔው የምትግጠው ቅልጥም። ሁለት ቀን ሙሉ ቀለሙን ስትፈራ አጥንቱን አላየችውም ነበር። በሬ ረግረግ ውስጥ መስጠሙ በዚያ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

ማሩ አብሬዎት ልምጣና ላስረዳቸው አለ። እሷ እምቢ አለች። የተማረ ሰው ይዛ ብትመጣ፥ መምህሩንም በላችው ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ፈንታነሽ ከጌጤ ደጅ ቆመች። ገብታ አታውቅም፥ አሁንም አልገባችም። ከውስጥ የሕይወት ማቃሰት ይሰማል። ጌጤ ብቅ ስትል ፊቷ ጠቁሯል።

«ጌጤ፥ ያየሽው ዓይነት ሌላም አለ። ከነጉድጓዱ ላሳይሽ?»

ጌጤ ወደ ቤት ዞር አለች፤ ወደ ፈንታነሽ ዞር አለች። ፈርታለች። ግን ጌጤን ወሬ ወዳለበት ገደል ጥሯት፥ ትወርዳለች።

ጉድጓዱ ዳር ሲደርሱ ፈንታነሽ ዶማውን ሰጠቻት። «እኔ አልነካም። አንቺው አውጪው።» ጌጤ ከግድግዳው ብቅ ያለውን ጫፍ ዙሪያውን ፈልፍላ ጎተተችው። እርጥብና ነጭ አጥንት ወጣ።

«ይሄማ የበሬ ቅልጥም ነው» አለች፥ ቅር እያላት። «ለዚህ ነው ያደከምሽኝ?»

«በደንብ አየሽው?»

«ስንት ፋሲካ የጋጥኩትን!»

«እንግዲያው ይዘሽው ፀሐይ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። ጌጤ በአንድ እጇ አጥንቱን እንደያዘች ስለ ይሻው ጢስ፥ ስለ ሕይወት እናት፥ ማን ምን እንዳለ ትዘረዝር ጀመር። ፈንታነሽ አጥንቱን ብቻ ታያለች። ካልተለወጠስ? መምህሩ ተሳስቶ ቢሆንስ? ነገ ቅዳሜ ነው።

ጌጤ በመሃል ቃል አቆመች። ነጩ ፍርፋሪ ጠቆር ብሏል። ከዚያ እያዩት፥ እንደ ብጥብጥ ቀለም፥ ሰማያዊው ከዳሩ መጣ። ጌጤ ልትጥለው ፈልጋ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

«ፈንቴ፥ ማንም አላየንም?»

«እኔ አይቻለሁ።»

ከረግረጉ ማዶ አንድ ወፍ ጮኸች፤ ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ ፈንታነሽ ማሩ የነገራትን ሁሉ፥ አጥንቱን፥ ብረቱን፥ ብርሃኑን፥ በራሷ ቃል ነገረቻት። ጌጤ የሰማችው ግማሹን ነው፤ እጇን ነበር የምታየው።

«ጢሱን አስቀሪ» አለች ፈንታነሽ። «ልጅቷን ሐኪም ቤት ውሰጂያት።»

«ባትድንስ?»

«ባትድን ነገሩ የሁለታችን ነው።»

ሕይወት በዚያው ቀን በባጃጅ ተወሰደች። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ በሳምንቷ በእግሯ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ጌጤ ዝም አለች። ሳምንት ሙሉ። ከአጥር አጥር አልዞረችም፤ ሲጠይቋት «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ጋፋት ከተቆረቆረ ወዲህ ጌጤ እንዲህ ብላ አታውቅም። ሴቶቹ ምንጭ ላይ ተንሾካሾኩ፤ «ጌጤ ምን ነካት? ያቺን ሴት ተከትላ ረግረግ ከወረደች ወዲህ እኮ ነው።» «ምላሷን በላችባት።» ፈንታነሽ ይህን የሰማችው እንስራዋን ልትሞላ ስትወርድ ነው፤ ባዶውን ይዛ ተመለሰችና በቀጥታ ጌጤ ዘንድ ሄደች።

«ጌጤ፥ በናትሽ አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። እኔንም እሚኝ።»

«ስለ አጥንቱ ካወራሁ፥ ሰማያዊ የሆነው እኔ እጅ ላይ ነው።»

«እሱንም ጨምሪበት። ዝም ካልሽ እኔ አልቄልሻለሁ።»

ከጌጤ ፍርሃት ሥር የወሬ አምሮት ሲንቀሳቀስ ይታያል። «መምህሩ ስሙን ማን ነው ያለው?»

«ቪቪያናይት።»

«ዘሩስ?»

«ፎስፌት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጌጤ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆመች፤ ሴቶቹ ከበቧት። ፈንታነሽ ከዳር ሆና ስሟ የሚጠራበትን ቅጽበት ጠበቀች። በጌጤ አፍ ቅልጥሙ ማገር አክሏል፥ መምህር ማሩ ሦስት ፕሮፌሰር ሆኗል፥ የሎሚው ጠብታ ማሰሮ ሞልቷል። «በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት፤ ብረት ነው፥ ፀሐይ ሲያይ ይዝጋል» አለች ጌጤ፥ ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀ ሰው። «ካላመናችሁ ፈንቴን ጠይቋት።» ሁሉም ዞረው አዩዋት። አንዳቸውም አልጠየቋትም፤ ፈንታነሽም ሳያስቀድስ እንደቀረ ሰው ቶሎ ብላ ወጣች።

ሰኞ ማለዳ ወደ ጉድጓዷ ስትወርድ ሰባት ሴቶች ዶማ ይዘው ረግረጉ ዳር ቆመዋል። እግሯ ቀጥ አለ። የቱ ጋ እንደምትሮጥ በዓይኗ ፈለገች፤ ኋላዋ ዳገት፥ ፊቷ ዶማ ነው። ከመሃላቸው አንዷ እጇን አውለበለበች።

«ፈንቴ፥ ነይ እንጂ፥ ፀሐዩ ሳይከር። ሰማያዊውን አጥንት የቱ ጋ ነው የምንቆፍረው?»