በሰው ስም አቤት ያለችው ልጄ

ሱሉልታ የገባነው ርካሽ ቤትም ለልጄ ትምህርት ቤትም እናገኛለን ብለን ነበር። አዲስ አበባ የነበረችንን አንድ ክፍል አከራያችን ለልጃቸው ስለፈለጓት ልቀቁ ተባልን። የጠየቅሁት ቤት ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሆነ። አብራኝ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ «ሱሉልታ ውጪ፤ ኪራዩ ይቀላል፣ ጥሩ ትምህርት ቤትም አለ» አለችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚመክረኝ ስላልነበረ አላመነታሁም። ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቷ መሸኛ አስወጥቼ፣ ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭኜ ዳገቱን ወጣሁ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ርዕሰ መምህሩ መሸኛውን እንኳ አልገለጡትም።

«አራተኛ ክፍል ሞልቷል፣ እህቴ።»

«መሬት ላይም ቢሆን ትቀመጥ።»

«አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ነው ያለው። የት ላድርግልሽ?»

ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ልጄን በገዛ እጄ ከሁለቱም አስቀረኋት።

ሥራዬ ከተማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ለአዲሱ አከራያችን አደራ ብዬ እወጣ ነበር። ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ እየሰፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ናቸው። «ልጅሽ እዚህ ናት፤ ቶሎ ነይ።»

ስደርስ ቢሮው ጥግ ቆማለች። የድሮ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ለካ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀላቅላ ገብታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አራተኛ ክፍል ስትማር ቆይታለች። አስተማሪዋ ገና ልጆቹን አልለየቻቸውም፤ ታማ የቀረች ልጅ ስም ስትጠራ የእኔዋ «አቤት» ትላለች። በአራተኛው ቀን የታመመችው ድና መጣች።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አልኳት።

«ቦታው ባዶ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

ርዕሰ መምህሩ እግር ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ መልሳቸው ግን ያው ነበር።

ስንመለስ እጄን ይዛ ሄደች። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል፣ «ሌላ ልጅ ቢታመምስ?» አለችኝ።

ኦቦ ይህን ሲሰሙ በሳምንቱ እጇን ይዘው የልጅ ልጃቸው የምትማርበት ትምህርት ቤት ወሰዷት። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው። ቋንቋውን እስክትለምድ ሁለተኛ ክፍል ትግባ ተባለ፤ እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«አይዞሽ፣ ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል» ይሉኛል ኦቦ።

«እርስዎ ካሉ» እላቸዋለሁ።

ከክፍሏ ሁለተኛ ትወጣ የነበረች ልጅ አሁን ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ትቀመጣለች። ማታ ደብተሯን ስገልጥ ማንበብ አልችልም። «ምን ተማርሽ?» ስላት፣ «አልገባኝም» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።