ዘጠና ሁለት የጻፈችው ተማሪ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዳይሬክተሩ አንድ ቁልፍና አንድ ምክር ሰጡኝ። ቁልፉ የቤተ ሙከራው ነው። ምክሩ ደግሞ፣ «ገና ልጅ ነህ፤ ከመጀመሪያው ቀን ካላጠበቅህ ይጫወቱብሃል» የሚል ነበር። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት፣ ምክሩን ግን ከሚገባው በላይ ተቀበልኩት።

ትምህርት ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስሙን አልጠራም። የማወራው ጥፋት የእኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ የኬሚስትሪ መምህር ሲጎድል ኬሚስትሪም ደርቤ እይዝ ነበር።

መጀመሪያ ዓመት ላይ እውነትም ተጫወቱብኝ። ደወል ከተደወለ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ በር ይንኳኳል። የአንዱን የቤት ሥራ ሠላሳ ሰው ገልብጦ ያመጣል። «ወላጅ አምጣ» ያልኩት አንድ ጎረምሳ ከአህያ ገበያ የማያውቀውን ሰው አጎቴ ነው ብሎ ይዞልኝ መጣ። ሰውየውም ደህና አድርጎ ተቆጣልኝ፤ በኋላ ነው የሰማሁት።

በክረምቱ እረፍት ቁጭ ብዬ ሕግ አወጣሁ። በሰፊ ወረቀት ላይ በማርከር ሰባት አንቀጽ ጽፌ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ለጠፍኩት። ደወል ካለቀ በር ይዘጋል። የሙከራ ደብተር ያልያዘ ቤተ ሙከራ አይገባም። በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ አይፋቅም፤ የተሳሳተ በአንድ መስመር ይሰረዛል። የገለበጠም ያስገለበጠም ዜሮ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ስድስተኛው፣ የሙከራ ውጤቱ ከመጽሐፉ ከሁለት ዲግሪ በላይ የራቀበት ተማሪ «ጥንቃቄ የጎደለው» ተብሎ ዜሮ ይይዛል፣ በሳምንቱ ግን መድገም ይችላል ይላል። ሰባተኛው፣ ማርክ ሊስት ላይ የገባ ውጤት አይነካም ይላል።

ተማሪዎቹ «ጋሼ አንቀጽ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሌሎች መምህራን ወረቀቴን እየገለበጡ በየክፍላቸው ሲለጥፉማ አንገቴ ቀና አለ። እንግዳ ሲመጣ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሚያሳዩት የእኔን ክፍል ነበር።

ትሁኔ የመጣችው በዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ከገጠር ወጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዓርብ ማታ ስንቅ ልታመጣ ሄዳ እሑድ የምትመለስ ልጅ ናት። ሦስተኛ ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ብዙ አትናገርም። የፈለገችው ነርስ መሆን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስጠይቃቸው ተነሥታ የተናገረችው እሱን ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ሙከራ ውኃ ማፍላት ነበር። ቢከር ውስጥ ውኃ ይደረጋል፣ የላምባ ምድጃ ላይ ይጣዳል፣ ቴርሞሜትር ይገባበታል፣ በየደቂቃው ይነበባል፣ ውኃው ሲፈላ የቆመበት ቁጥር ይጻፋል። ሦስት ቴርሞሜትር ለአርባ ስምንት ተማሪ። እኔ በየምድጃው እየዞርኩ የምጠብቀው ቢከር እንዳይሰበር ነው እንጂ አንድም ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አላነበብኩም። ለምን አነባለሁ? መልሱን አውቀዋለሁ።

ሪፖርቱ ተሰብስቦ መጣ። መቶ፣ መቶ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ። ደስ እያለኝ ነው ያረምኩት። የትሁኔ ላይ ስደርስ ዘጠና ሁለት ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ» ብላለች። በቀይ «ጥንቃቄ የጎደለው» ብዬ ዜሮ አደረግሁበት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስነሣኋት።

«ቴርሞሜትሩ ውኃው ውስጥ በደንብ ገብቶ ነበር?»

«ገብቶ ነበር ቲቸር።»

«ውኃውስ ፈልቷል?»

«ሲንተከተክ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መቶ አላለም?»

«እንጃ ቲቸር። ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። ብጠብቀውም አላለፈም።»

«እንግዲያው የጎጃም ውኃ ከሌላው አገር ውኃ ይለያል በይና።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ ቆማ ጠበቀች፤ ተቀመጪ እስክላት ድረስ አልተቀመጠችም።

በሳምንቱ ደግማ አመጣች። መቶ ዲግሪ። ሠንጠረዡ ንጹሕ፣ ግራፉ በማስመሪያ የተሰመረ። አሥር ከአሥር ሰጥቼ ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «አያችሁ፣ ሰው ሲጠነቀቅ እንዲህ ይመጣል» አልኩ። ትሁኔ በሁለት እጇ ተቀብላ «አመሰግናለሁ ቲቸር» አለች። አመሰገነችኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ወር ሳይሞላ የንብረት ቆጠራ መጣና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ሙከራውን ብቻዬን ከፈትኩ። የትሁኔ ቴርሞሜትር ተበላሽቶ ከሆነ በብልሽት ላስመዘግበው ብዬ ውኃ ጣድኩ። ውኃው ፈላ። ዘጠና ሁለት። ሁለተኛውን ከተትኩ፤ ዘጠና ሁለት። ሦስተኛው ከዘጠና ሁለት በትንሹ ነው የጎደለው።

አገሩ ደጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በእጅጉ እንበልጣለን። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ ከመቶ በታች ይፈላል። ይህንን እኔው ራሴ ነኝ የማስተምረው፣ ከሦስት ምዕራፍ በኋላ፣ በየዓመቱ። አንድም ቀን ግን ከፊቴ ከሚፈላው ውኃ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። እኔም ስማር መቶ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ መምህሬም ልክ ነህ ብሎኛል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያፈርኩት ባለማወቄ ነው። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ግን የባሰ ነበር። አርባ ሰባት ልጅ ያላየውን ቁጥር ጽፏል፤ ለዚያ ማርክ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ያየችውን የጻፈች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷንም ከእነሱ ጋር ደባለቅኋት።

ሰኞ ልናገር ቆርጬ ገባሁ። ክፍሉ ብድግ አለ። ሰባቱ አንቀጾቼ ከሰሌዳው ጎን ተለጥፈዋል። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ፣ «ተቀመጡ፣ ገጽ አርባ አውጡ» አልኩ።

ለዲፓርትመንት ኃላፊያችን ነገርኩት። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝና፣ «ልጅቱ አሥር ከአሥር አግኝታ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ጎደለባት? ተወው እባክህ፣ አሁን ብትናገር በሕግህ ላይ ሁሉ ጥያቄ ይነሣብሃል» አለኝ። ልቤ ሊሰማ የፈለገው ይህንኑ ስለነበር ተውኩት።

የግፊት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መጽሐፉ ላይ አንዲት ሠንጠረዥ አለች፤ ውኃ በየከፍታው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የምታሳይ። ገና ገጹን ሳንገልጥ ትሁኔ እጇን አወጣች። ቀድማ አንብባዋለች ማለት ነው። «ጥያቄ መጨረሻ ላይ» አልኳትና ሌላ ሌላውን ሳብራራ ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያችን ገጽ ዘልዬ ቀጣዩን ጀመርኩ። እጇን ደግማ አላወጣችም። ከዚያ ወዲህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስረከበችኝ ሪፖርት ሁሉ ከመጽሐፉ አንዲት ነጥብ አይዛነፍም ነበር። ሁሉንም አሥር ከአሥር አረምኩላት።

ሕጉን በሚቀጥለው ዓመት ለወጥኩት። ስድስተኛውን አንቀጽ በጸጥታ አወጣሁና ወረቀቱን በአዲስ ጻፍኩት። ለምን ስድስት ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ትሁኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ በግቢው ውስጥ ስንተላለፍ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ጠርቼ አንድ ቃል ብነግራት የሚወስድብኝ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ሴት ልጄ አራስ ልጇን ለማስከተብ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ጤና ጣቢያው እነሱ ያሉበት ትንሽ ከተማ ነው። በረንዳው ላይ እናቶች ሕፃን አቅፈው ተደርድረዋል። ከክትባት ክፍሉ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ብቅ አለችና አየችኝ።

«ቲቸር? እርስዎ ነዎት?»

ትሁኔ ነበረች። ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ወንበር ከውስጥ አመጣችልኝ፣ ለልጄ «የፊዚክስ አስተማሪዬ ናቸው፣ ሥርዓት ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው» አለቻት። ነርስ ሆናለች፤ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ጭንቀት በከንቱ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ክትባቱን ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ውስጡ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። ልማድ ነውና ዓይኔ እዚያው ሄደ። አሥራ አንድ ይላል። በሩ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላዩ ክትባቱ እንዳይበላሽ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መሆን አለበት የሚል ታትሟል። ከሥሩ በእሷ ንጹሕ ጽሕፈት፣ ጠዋትና ማታ፣ አራት፣ አራት፣ አራት። የዚያ ቀን ጠዋትም አራት። መብራት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እንደጠፋ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ትሁኔ፣ ይሄ ስንት ይላል?»

አየችው። «አሥራ አንድ።»

«ወረቀቱ ላይኮ አራት ነው ያልሽው።»

«መሆን ያለበት አራት ነዋ ቲቸር። አሥራ አንድ ብዬ ብጽፍ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጥንቃቄ ጎደለሽ ነው የሚለኝ።»

እየቀለደችብኝ አልነበረም። ቃሉ የማን እንደሆነ የረሳችው መሰለኝ። እኔ አልረሳሁትም።

«ዘጠና ሁለት ልክ ነበር» አልኳት። «ያኔ ውኃውን ስታፈሉ። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ያወጣችውን የክትባት ብልቃጥ በእጇ አገላበጠችው። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

«አውቃለሁ» አለች። «በሁለተኛው ጊዜ እኮ ውኃውን አላፈላሁትም ቲቸር። ለምን ላፈላ? መልሱን ነግረውኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ መቼ አወቁት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «እዚያው ዓመት፣ ወር ሳይሞላ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰች፣ ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፣ የጠዋቱን አራት በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከጎኑ አሥራ አንድ ብላ ፈረመችበት። ከላይ ያሉትን አራቶች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ስንቱ እውነት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም የመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥታ እናቶቹን ዛሬ ክትባት የለም፣ ሌላ እስኪመጣ ተመለሱ አለቻቸው። አንዷ ሌሊት ተነሥታ የመጣች ነበረች። «አሁን ሲሰጥ አልነበር? ሽማግሌው ምን ነግረዋት ነው?» ስትል ሰማኋት። ልጄም የልጅ ልጄን እንደታቀፈች፣ «አባዬ፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለችኝ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት።

ለአዲስ የሳይንስ መምህራን የምለው ይህን ነው። የክፍል ሕግ አውጡ፤ በር ዝጉ፣ ደብተር ጠይቁ፣ ኩረጃ ቅጡ። ተማሪ የለካውን ቁጥር ስሕተት ነው ከማለታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት። እኔ አላነበብኩም፤ ካነበብኩም በኋላ አልተናገርኩም።